ባለ ሦስት

መኩሪያ ወዳጆ የሰደበኝ በ2037 ዓ.ም. ግንቦት ሃያ አንድ፣ ሰኞ ጠዋት፣ በድሮው መንደራችን ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነው። ግቢው አሁን ውኃ ሥር ነው። ግድቡ ሲሞላ ትምህርት ቤቱም፣ የባንዲራ መስቀያውም፣ የቆምኩበት ድንጋይም ሰጥመዋል። ስድቡን ግን ይዤው ወጥቻለሁ።

ያኔ የዝንቧ ክኒን፣ ማለትም ጥቁሯ ዝንብ ነክሳ የምታስገባውን ዓይን አጥፊ ትል የሚገድለው፣ የሚታደለው በዘንግ ነበር። ዘንጉ ተራ እንጨት ነው፤ በቀለም ተከፋፍሏል። ሰው አጠገቡ ይቆማል፤ አናቱ የደረሰበት ቀለም ስንት ክኒን እንደሚውጥ ይናገራል። ትንሽ ልጅ አንድ፣ ከፍ ያለው ሁለት፣ አብዛኞቹ ሴቶች ሦስት፣ ወንድ አራት። ዘንግ ያዡ መኩሪያ ነበር። እኔ ስቆም አናቴ አራት ከሚያሰጠው ቀይ መስመር ትንሽ ዝቅ አለ። ዝም ብሎ ሦስት ቢሰጠኝ ምን ነበረበት? እሱ ግን ዘንጉን ወደ ላይ አንስቶ ለሰዉ አሳየ።

«ይሄ ባለ ሦስት ነው! ከሴቶቹ ጋ አሰልፉት!»

ግቢው በሙሉ ሳቀ። ከሳቁት አንዷ በኋላ ሚስቴ የሆነችው ዘነበች ናት። ጥሩ ሚስት ነበረች፤ እስክትሞት አብረን ኖረናል። ያችን ሳቋን ግን ይቅር አላልኳትም።

ከዚያ ወዲህ በስሜ አደሎ ብሎ የሚጠራኝ ሰው ጠፋ። ባለ ሦስት መጣ፣ ባለ ሦስት ሄደ። ልጄ ይስሐቅ ሲወለድ እንኳ «የባለ ሦስት ልጅ» ተባለ። በተከታዩ ዓመት ወፍራም ሶል ያለው ቦት ጫማ ተውሼ ዘንጉ ሥር ቆምኩና አራት ዋጥኩ። በዚያው ቀን ፊቴ አበጠ፤ ራሴን አዞረኝና አጥሩ ላይ ወደቅሁ። ያኔ አዲስ ተመድባ የመጣችው ነርስ ሲስተር ቤተልሔም ልታየኝ መጣች። ጫማዬን አየችው፤ ገባት።

«አደሎ፣ ቁመት የሚለካው ሰውነትህ የሚችለውን ለመገመት ነው» አለችኝ። «የተጨመረ ክኒን ትሉን ቶሎ አይገድለውም። አንተን ነው የሚጥልህ።»

በስሜ ስለጠራችኝ ያልተቀየምኳት ሰው እሷ ብቻ ናት።

አሁን ዘንግ የለም። በሩ አለ።

የምንኖረው ሰባተኛ ማፍሰሻ በሚባለው ሰፈር ነው። ከግድቡ የሚለቀቀው ውኃ በሲሚንቶ ደረጃ ላይ እየተንደረደረ ወደ ማሳችን ይወርዳል። ጥቁሯ ዝንብ ደግሞ የምትራባው በሚፈጥን ውኃ ውስጥ ነው። ውኃው በበዛ ቁጥር ዝንቧ በዛች። አባቴ ዓይኑ የጠፋው በእሷ ነው። የቅልጥሙ ቆዳ ተዥጎርጉሮ፣ በሸክላ ስባሪ እያከከ ነው የሞተው። ስለዚህ እኔ ክኒኑን የምጠላ ሰው አይደለሁም። ይህ ይታወቅልኝ።

በዓመት አንድ ቀን የክኒን ቀን ነው። ከዋዜማው ጀምሮ በየማሳው ያሉት የውኃ ማገጃዎች በራሳቸው ይዘጋሉ፤ ቦዩ ዝም ይላል። የአንድ ቤት ማገጃ የሚከፈተው የቤቱ ሰው ሁሉ በበሩ ፊት ቆሞ ጉዳዩን ሲጨርስ ነው። ቤተሰብ አንድ ላይ በሩ ፊት መሬት ላይ በተሰመረው ቢጫ መስመር ውስጥ ይቆማል። በሩ በሴት ድምፅ ይናገራል። ድምፁ ትሑት ነው፤ ግን እስከ መንገዱ ማዶ ይሰማል። ቁመት ይለካል፤ ይጠይቃል፤ የሚገባውን ክኒን በኩባያ ያወርዳል። ለማይገባው ሰው አያወርድም። መልስ የሚሰጠው ጮክ ተብሎ ነው። ድሮ ሰዎች እየዋሹ ክኒን ወደ ቤት ወስደው ለታመመ በሬ ይሰጡ ነበር፤ ለጎረቤትም ያካፍሉ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ቤተሰብ እየሰማ ይመለስ የተባለው። ሰምቶ ዝም ያለ ቤተሰብ መሰከረ ማለት ነው።

ሲጨርሱ በሩ «አፍዎን ይክፈቱ። ምላስዎን ያንሱ» ይላል። ይህን ከመልመዳችን የተነሳ ሕፃናቱ ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ እናት የሆነችው ልጅ የሆኑትን ምላስ ታስነሳለች።

የቤቱ ራስ ከቢጫው መስመር ከወጣ ግን ሥርዓቱ ሌላ ነው። እምቢ እንዳለ ይቆጠራል። የበጋውን ውኃ ያጣል፤ ስሙም ዓመቱን ሙሉ በየሰንበቱ በድምፅ ማጉያ ይነበባል። የቀረው ቤተሰብ አንድ በአንድ ወደ ጎን ክፍል ይገባል። እዚያ ሰው አለ፤ ሲስተር ቤተልሔም፣ ፀጉሯ ሸብቶ። መዝጊያውን ዘግታ ነው የምትጠይቀው። ባሏ የከለከላት ሴት ያለ ፍርሃት እንድትናገር ተብሎ የተሠራ ነው ይባላል። ጤና ኬላው ከተዘጋ ወዲህ በሰፈራችን ዘግቶ የሚያናግር ሌላ ሰው የለም። እሷም ከክኒን ቀን ሌላ ወደ ሰፈራችን የምትመጣው ለከባድ ሕመም ሲጠሯት ብቻ ነው፤ በክኒን ቀን ደግሞ ወደ እሷ የሚወስድ ሌላ መንገድ የለም።

መውጣቱም ደንብ አለው፤ አፍ ሳይከፍቱ ነው። ባለፈው ዓመት ካሣሁን የሚባል ጎረቤቴ ሞቅ ብሎት መጣና እየተሳደበ ከመስመሩ ወጣ። በሩ «ጥያቄ እንዳለዎት ተረድቻለሁ። ቤተሰቡ ከመጀመሪያው ይጀምር» አለ። ካሣሁን እንደገና ተሳደበ፤ በሩ እንደገና አስጀመረ። ሚስቱ በመጨረሻ ባርኔጣውን አፉ ውስጥ ወትፋ ነው የገላገለችን። በሩ ከመስመር የወጣን ሰው ቃል ሁሉ ጥያቄ ነው ብሎ ነው የሚሰማው። የጎን ክፍሉ መዝጊያ እስኪዘጋ ድረስ ዝም ማለት ነው መፍትሔው።

አሁን ወደ ምራቴ ልምጣ።

ፋሲካ የይስሐቅ ሚስት ናት። ልጄ የባቡር መስመር ጠጋኝ ሆኖ በረሃ ነው የሚውለው፤ ለክኒን ቀን አይደርስም፤ እዚያው ይውጣል። ቤት ያለነው እኔና እሷ ነን። ረጅም ናት፤ ባለ አራት። አነጋገሯ ቀስ ያለ ነው። እናቷ በልጅነቷ ሞታባታለች።

በእኛ ዘንድ ምራት ማርገዟን ለአማቷ አትናገርም። ሆዷ ራሱ እስኪናገር ይጠበቃል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ለማንም አይወራም፤ ዓይን ይገባበታል ይባላል። ሴት ለእናቷ ነው የምትናገረው፤ እናት ከሌላት ለማንም። ምሁራኑ በሩን ሲሠሩት ይህን ያሰቡት አይመስለኝም። ወይ አስበውት ይሆናል፤ እኔ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው የተማርኩት።

ባለፈው ዓመት በቢጫው መስመር ውስጥ ፋሲካ ከፊቴ፣ እኔ ከኋላዋ ቆምን። በሩ «ነፍሰ ጡር ነዎት?» ብሎ ጠየቃት። «አይደለሁም» አለች። አራት ዋጠች። ወር ሳይሞላ ደም ፈሰሳትና ጽንሱ ወረደ። ያኔ ነው ማርገዟን ያወቅሁት። ሲስተር ቤተልሔም ቤት ድረስ መጥታ አከመቻት።

«ክኒኑ ነው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«አላውቅም፤ ማንም እርግጠኛ ሊሆን አይችልም» አለችኝ። «እርግጠኛ ስላልሆንን ነው ለነፍሰ ጡር የማንሰጠው። ብትናገር ኖሮ ከወለደች በኋላ ትወስደው ነበር።»

ፋሲካ ግን ክኒኑ ነው ብላ አምናለች። በዚያው ሳምንት ይስሐቅ ደወለ። «አባባ፣ አንተ ከኋላዋ ቆመህ እንዴት አዎ ትበል?» አለኝ። ልጄ ነው እንዲህ ያለኝ፤ ጥር አሥራ አራት ቀን፣ ገና ምሳ ሳልበላ። እኔ ምን አደረግኩ? ቁም አሉኝ፤ ቆምኩ። ይህንንም ይዤዋለሁ።

ዘንድሮ የክኒን ቀን ሲቃረብ ፋሲካ ዓሣ መጥበስ አቆመች። እኔ ስጠብስ ከጓዳ ወጥታ ደጅ ትቀመጣለች። አንድ ጠዋት ከጓሮ ስመለስ የግድግዳውን ደረቅ ጭቃ በጥፍሯ እየፈረፈረች ስትልስ አየኋት። ሳታየኝ ተመለስኩ። ዘነበች ይስሐቅን ስታረግዝ ያንኑ ታደርግ ነበር።

በክኒን ቀን ጠዋት ገንፎ አቀረበች፤ እሷ ግን አልነካችውም።

«ብዪ እንጂ» አልኳት።

«በልቻለሁ አባባ።»

«መቼ?»

«ቅድም።» ጎንበስ ብላ የሌለ ፍርፋሪ ለቀመች። «አባባ… ዛሬ እርስዎ ቀድመው ቢጨርሱ፣ እኔ ደግሞ በኋላ ብመጣስ?»

«ቤተሰብ አንድ ላይ ነው ፋሲካ። ታውቂው የለም እንዴ?»

«አውቃለሁ» አለች። ሣህኑን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች።

ልጠይቃት አፌ ላይ መጣ። አማት ምራቱን እንዲህ ያለ ነገር አይጠይቅም። ጫማዬን አሰርኩ።

ስንደርስ ሰልፉ እስከ ድልድዩ ተዘርግቷል። ሥርዓት አስከባሪው መኩሪያ ወዳጆ ነው። ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሷል፤ ፊሽካ አንገቱ ላይ አለ። አርጅቷል፤ ጀርባው ጎብጧል። ምላሱ ግን አልጎበጠም።

እሱና ቤተሰቡ የገቡት ከእኛ ጥቂት ቀደም ብለው ነው። እኔ በሩ አጠገብ ደርሼ ነበር፤ ሌላው ሰው በወሬ ተይዟል። በሩ መኩሪያን ለካው።

«ሦስት» አለ።

መኩሪያ ጆሮውን ወደ በሩ አዞረ። «ተሳስተሻል፤ ድገሚ» አለ።

«ሦስት። እባክዎ ይዋጡ።»

በፍጥነት ዋጠ፤ ምላሱን አነሳ፤ ዞር ዞር ብሎ አየ። እኔ ቦዩን የማይ መሰልኩ። በውስጤ የሆነውን በጽሑፍ ማስቀመጥ አልችልም። ይህን ሠላሳ አንድ ዓመት ጠብቄዋለሁ። ሰውነቴ ሁሉ ሞቀ። የምለውን ወዲያው አዘጋጀሁ፦ «ና መኩሪያ፣ አብረን እንሰለፍ፤ ሴቶቹ ቦታ ይዘውልናል!» በሰው ሁሉ ፊት፣ ረጋ ብዬ፣ እሱ ሲጀምረኝ ጠብቄ። እንደሚጀምረኝ አውቃለሁ። ሳይጀምረኝ ያለፈ ዓመት የለም።

ፋሲካ ከጎኔ ነበረች። የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቅልላ ትፈታዋለች፤ ትጠቀልለዋለች። ያኔ ነው ደስታዬ የቀዘቀዘው።

ወደ መኩሪያ ተጠጋሁ። ድምፄን ዝቅ አደረግኩ።

«መኩሪያ፣ ልጅቷ ብቻዋን ብትጠየቅ?»

«ለምን?»

«እንዲያው።»

«እንዲያው የሚባል ነገር የለም። ቤተሰብ አንድ ላይ ነው።» ድምፁን ሆን ብሎ ከፍ አደረገ። «ምን የምትደብቀው ነገር አለህ ባለ ሦስት?»

ሰዉ ዞሮ አየን። ፋሲካን ከላይ እስከ ታች ያዩዋት ሴቶች ነበሩ። አንድ ቃል ብጨምር ማታውን ሰፈሩ ሁሉ ያወራዋል። ወደ ቦታዬ ተመለስኩ።

«አባባ፣ ምን አሉዎት?» አለችኝ ፋሲካ በሹክሹክታ።

«ምንም። ተራችን ደርሷል።»

በቢጫው መስመር ውስጥ ገባን። እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ እንዳምናው። በሩ ከታናሽ ነው የሚጀምረው።

«የአቶ አደሎ ሻሎ ቤተሰብ፣ ሁለት ሰው። ወይዘሮ ፋሲካ፣ ቀጥ ብለው ይቁሙ። አራት። በጠና ታመዋል?»

«አልታመምኩም።»

«ሌላ መድኃኒት እየወሰዱ ነው?»

«አልወስድም።»

«ነፍሰ ጡር ነዎት?»

ከኋላ የሚታየኝ አንገቷ ብቻ ነው። አልቦታል።

«አልሰማሁም። እባክዎ ጮክ ብለው ይመልሱ።»

ከሰልፉ አንዱ «ኧረ ቶሎ በይ፣ ፀሐዩ ገደለን!» አለ። ሌላዋ ሳቀች። ፋሲካ ትከሻዋን ከፍ አድርጋ አየር ሳበች። አምናም እንዲህ ነው ያደረገችው። ትከሻዋን ከፍ አድርጋ አየር ሳበች፣ ከዚያ «አይደለሁም» አለች። ቃሉ ሲመጣ አየሁት።

እግሬን አንስቼ ከቢጫው መስመር ወጣሁ።

ቃሏ አፏ ውስጥ ቀረ። ዞራ አየችኝ። በስንት ዓመት ዓይኗን ዓይኔ ላይ ያሳረፈችው ያኔ ነው። ምንም አላልኳትም፤ ማለትም አልችልም። ወደ መውጫው መራመድ ጀመርኩ።

«አቶ አደሎ፣ ከመስመር ወጥተዋል» አለ በሩ። «ክኒንዎን አልወሰዱም። ጥያቄ ካለዎት ይናገሩ።»

አፌን ገጠምኩ። የአባቴ ቅልጥም ትዝ አለኝ፤ ሸክላው ሲፍቀው የሚያሰማው ድምፅ። ማሳዬ ላይ ያለው ዝንጅብል ገና ጣት አላከለም፤ በበጋ ያለ ውኃ አንድ ወር አይቆይም። ተራመድኩ።

«ጥያቄ ካለዎት ይናገሩ።»

መውጫው ላይ መኩሪያ ቆሟል። ሁለት እጁን ዘርግቶ መንገዱን ዘጋው። ፊቱ በርቷል።

«ኧረ ሰዎች፣ ኑ እዩ!» አለ። «ባለ ሦስት ክኒን ፈርቶ ሲሸሽ! ሦስቷን እንኳ መዋጥ አቃተው! ልጅቷን ለበሩ ጥሎ፣ ወንድ ተብሎ!»

ሳቁ። ልክ እንደዚያ ቀን፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳቁ። ከሳቁት ብዙዎቹ ያን ጊዜ አልተወለዱም።

«ተናገር እንጂ! ምላስህንም ዋጥከው?»

የእጁ አንጓ ላይ ያሰሩለት የክኒን አምባር ፊቴ ላይ ነበር። የዋጠ ሰው አምባር እስከ ማታ ይበራል፤ በዋጠው ልክ ነጥብ ያሳያል። ሦስት ነጥብ። አየሁት። እሱም እንዳየሁ አየ። እጁን ቶሎ ወደ ሰደርያው ኪስ ከተተው፤ ፊቱ ላይ የነበረው ብርሃን ጠፋ፤ ከንፈሩ ግን አሁንም ሳቅ እንደያዘ ቀረ። እንዳወቅሁ አወቀ። ጠበቀ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ፈርቶ ሲጠብቀኝ አይቼው አላውቅም።

«ጥያቄ ካለዎት ይናገሩ» አለ በሩ ለሦስተኛ ጊዜ።

መኩሪያ የዘረጋው አንድ እጅ ነው የቀረው። በዚያ ሥር ጎንበስ ብዬ አለፍኩ። ለአጭር ሰው አይከብድም።

«እምቢታ ተመዝግቧል። ወይዘሮ ፋሲካ፣ እባክዎ ወደ ጎን ክፍል ይግቡ።»

ከኋላዬ የጎን ክፍሉ የብረት መዝጊያ ሲጢጥ ሲል ሰማሁ። እዚያ ቦታ ማጠፊያ ያለው መዝጊያ እሱ ብቻ ነው። የሲስተር ቤተልሔም ድምፅ «ግቢ የኔ ልጅ፣ ተቀመጪ» አለ። መዝጊያው ተዘጋ።

አሁን መናገር እችላለሁ። በሩ አይሰማኝም፤ ማንም አያስጀምረንም። መልሱ አፌ ውስጥ ተሰናድቶ አለ፤ አንድም ቃል አልጎደለም። ዞሬ ብናገረው ሰዉ ሁሉ መኩሪያ ላይ ይስቃል፤ አምባሩን አውጣ ይሉታል፤ ባለ ሦስት የሚለው ስም ከእኔ ላይ ወርዶ እሱ ላይ ይወጣል። ግን ሰው ስቆ ሲጠግብ ያስባል። ያልፈራ ሰው ታዲያ ለምን ወጣ ይላል። ከዚያ ወደ ተዘጋው መዝጊያ ያያል።

ፈሪ ነው ብለው ይመኑ።

«ባለ ሦስት!» አለ መኩሪያ ከኋላዬ። ድምፁ ቀጥኗል። «አንተ ባለ ሦስት! ስማ እንጂ! አንተን እኮ ነው!»

ይቅር አላልኩትም። ድልድዩን ተሻግሬ፣ ውኃ በሌለው ቦይ ጠርዝ ይዤ ወደ ማሳዬ ሄድኩ።